ክፍልፋይ ያስተማረቻት ሴት

ልጄ አንድ አራተኛ ከአንድ ሁለተኛ ይበልጣል ብላ ድርቅ አለችብኝ። ከሥራ ገና መግባቴ ነው፤ የአየር ማረፊያውን የደንብ ልብስ እንኳ ሳላወልቅ የቤት ሥራዋን ልይላት ብዬ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

«አራት ከሁለት አይበልጥም እንዴ?» አለችኝ።

«ይበልጣል። ይኼ ግን ክፍልፋይ ነው። የታችኛው ቁጥር ሲተልቅ ክፍልፋዩ ያንሳል።»

«ለምን?»

«ሕጉ ነዋ።»

«የማን ሕግ?»

«የሂሳብ!»

በልጅነቴ ደሴ ስማር በሂሳብ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሌላው ተማሪ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያልበው፣ መምህራችን ጠመኔውን ከእጁ ተቀብሎ ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ዛሬም ሥራዬ ከቁጥር አይወጣም። የመንገደኛ ሻንጣ እመዝናለሁ፤ ትርፉን ኪሎ በጭንቅላቴ ጨርሼ ነው ኮምፒዩተሩን የምነካው። ከሆዴ የወጣች ልጅ ግማሽና ሩብ አልለይ ስትለኝ መቀበል አቃተኝ።

ስለዚህ አስተማርኳት። ማለቴ፣ ማስተማር የመሰለኝን አደረግኩ። ላዕል ይኼ ነው፣ ታህት ይኼ ነው። ስትደምሪ ታህቱን አንድ አድርጊ፤ ይኼን በዚያ አባዢ፣ ያንን በዚህ። እጄ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እርሳሱን ስሰጣት ግን አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደመረችና ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ።

«አሁን ምን ነበር ያልኩሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

እርሳሱን አስቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እማ፣ አንቺ ስትሠሪው ይገባኛል። እኔ ስሠራው ይጠፋል።»

አራተኛ ክፍል ናት። በዕድሜዋ ከዚያ ማለፍ ነበረባት፤ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት እንደ መቀሌ ልጆች ሁሉ እሷም ቤት ተቀምጣለች። ስትመለስ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ነበር የምትጽፈው። ከዚህ በላይ ወደ ኋላ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው የምጮኸው። ፍርሃቱን ግን እሷ አታየውም፤ የምታየው ጩኸቱን ነው።

ከአባቷ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ትዳራችን የፈረሰው በዚያ በክፉው ጊዜ አይደለም፤ ያኔማ አንድ ብርድ ልብስ ሥር ተቃቅፈን ነው ያለፍነው። መንገዱ ተከፍቶ፣ ስልኩ ሠርቶ፣ አውሮፕላኑ መብረር ሲጀምር ነው የምንነጋገረው እንዳለቀብን ያወቅነው። ዘመዶቼ ደሴ ተመለሺ አሉኝ። ልጄ የመቀሌ ልጅ ናት፣ ሥራዬም እዚሁ ነው፤ ቀረሁ። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። እሱ ዓይናለም በኩል ቤት ያዘና ብዙም ሳይቆይ አገባ።

ሚስቱ አስተማሪ ናት፣ የሌላ ትምህርት ቤት። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ቅዳሜና እሑድ በረራ ስለሚበዛ ተረኛ እሆናለሁ፤ ልጄን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ እነሱ ዘንድ መሄድ ጀመረች። «ቲቸር» ነው የምትላት። መጀመሪያ ስሙ ተስማምቶኝ ነበር። ቲቸር ሁሉም ሰው አለው፤ ቲቸር እናት አይደለችም።

አንድ እሑድ ግን ልጄ ጸጉሯን በቀጭን ሹሩባ ተሠርታ መጣች፣ እኔ ሞክሬ የማላውቀውን ዓይነት፤ እንደ ትልቅ ሙሽራ አምሮባታል። «ቆንጆ ነው» አልኳት። ማክሰኞ ሳይደርስ ላጥብሽ ብዬ ፈታሁት። ሌላ ጊዜ ልጄን ላደርስ ሄጄ በራቸው ላይ ስንገናኝ ሴትዮዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ከመይ ውዒልክን፣ ይግቡ እንጂ» አለችኝ። እንዴት ዋሉ ማለቷ ነው። አንቱ! ቤቴ ስገባ መስተዋት ፊት ቆሜ ፊቴን አየሁ። አክብራኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በአንድ ቃል አሮጊት አደረገችኝ። በዚያ ላይ ቀሚሷ ወደፊት ገፋ ብሏል። እርጉዝ ነበረች።

ያ የክፍልፋይ ጠብ በሆነ ሳምንት፣ ልጄ ከእነሱ ቤት ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማ፣ ወረቀት ስጪኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። መሐል ለመሐል አጠፈችውና ከፈተችው። «ይኼ ፍርቂ ነው» አለች፤ ግማሽ ማለቷ ነው። እንደገና አጠፈችና ከፈተችው። «ይኼ ደግሞ ርብዒ። ሩቡ ከግማሹ ያንሳል። አራት የሚለው ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ነው እንጂ ስንት እንደደረሰሽ አይደለም። ብዙ ቦታ ከቆረጥሽው ቁራጩ ያንሳል። ገባሽ?»

ገባሽ ትለኛለች! «ርብዒ» ስትል ያቺ «ዒ» ከጉሮሮዋ ሥር ጥርት ብላ ወጣች። ስንት ዓመት መቀሌ ኖሬ ያቺ ድምፅ እስከ ዛሬ አትታዘዘኝም። ልጄ እኔ ሕልም በማላይበት ቋንቋ ሂሳብ ገብቷት መጣች።

«ጎበዝ» አልኳት። «ማን አሳየሽ?»

«ቲቸር።»

«ምሳ ምን ሰጠችሽ?»

«ጥሕሎ።»

«አትቆጣሽም?»

ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ለምን ትቆጣኛለች?»

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና እራት ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ሽንኩርቱን ስከትፍ ያቺ ሴት ከልጄ ጎን ተቀምጣ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ ወረቀት ሲያጥፉ ይታየኛል። ልጄ ስላወቀች ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሳይገባት ቀርቶ እኔ እስካስተምራት ድረስ ብትቆይ የምመርጥ ይመስለኛል። ሐሳቡ ራሱ አስደነገጠኝ፤ ግን አልሄደልኝም።

በማግስቱ እኔም ላስተምራት ተነሣሁ። ሕግ ደርድሬ አልነበረም፤ እንደዚያች ሴት በነገር ላሳያት ነው ያሰብኩት። ከሱቅ ሕምባሻ ገዝቼ ገባሁና ሰሃን ላይ አስቀመጥኩት። «በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ሲሶን እንማራለን» አልኳትና ቢላዋውን አንሥቼ በሦስት ቆረጥኩት። አንዷን ቁራጭ አነሣሁ። «ይህቺ ስንት ናት?»

ልጄ ዳቦውን አየችው። ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው።

«ምንም አይደለችም» አለች።

«እንዴት ምንም አይደለችም? ሦስት ቦታ ቆረጥኩት፤ አንዷን አነሣሁ። አንድ ሦስተኛ ናት።»

«እኩል አልቆረጥሽውማ። ያኛው ትልቅ ነው፣ ይኼኛው ቀጭን። እኩል ካልሆነ ሲሶ አይባልም። ቲቸር መጀመሪያ የሚታየው እኩል መሆኑ ነው ብላለች።»

ልክ ናት። እኔ ዕድሜ ልኬን በወረቀት ላይ ስደምርና ስቀንስ፣ ቁራጮቹ እኩል ናቸው ወይ ብዬ አስቤም አላውቅ፤ ቁጥር መቼም እኩል ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ቁራጩን ጎረስኩት። ልጄ ማፈሬን ሳታውቅ አልቀረችም፤ «እማ፣ ላንቺም ላሳይሽ?» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። ልጆች እንዲህ የሚያዝኑልን ጊዜ ነው የሚብሰው።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ አዲስ ነገር ይዛ ትመጣለች፣ እኔም በየእሑዱ አንድ ነገር ውስጤን ይቆነጥጠኛል። ሥራ ላይ መንገደኛ ሰልፍ ይዞ እኔ ሐሳቤ ዓይናለም ነው። አንድ ቅዳሜ የከሰዓቱ በረራ ተሰረዘና ሰርቪሱ ቀደም ብሎ መለሰን። ልጄን የምወስደው በማግስቱ ነበር፤ ግን እግሬ ወደ ቤት አልሄደም። ባጃጅ ይዤ ዓይናለም ወረድኩ። ሳልነግራቸው ብደርስ ምን እንደማይ አላውቅም። አንድ ክፉ ነገር ለማየት እየተመኘሁ ነበር፤ ትንሽ ቁጣ፣ ወይ ልጄ ሰሃን ስታጥብ።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከሩቅ ጎረቤት «ማይ መጺኡ! ማይ መጺኡ!» ይላል። ውሃ መጥቷል። ለሳምንታት ጠፍቶ ከርሞ በመጣበት ቀን፣ መቼ እንደሚቆም ስለማይታወቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዕቃ ይዞ ይሮጣል። እኔ ገፋ አድርጌ ስገባ ልጄ የብረት በርሜሉ አጠገብ ቆማለች፤ ከቧንቧው የተሳበው ጎማ በርሜሉ ውስጥ ይንፎለፎላል። ሴትዮዋ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ጠመኔ ይዛ፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እኔን አላዩኝም።

በርሜሉ ወገብ ላይ ዙሪያውን የወጡ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ ሦስት እኩል ቦታ ይከፍሉታል። መሐሉ ላይ ደግሞ በጠመኔ መስመር ተሰምሯል። ውሃው መሐሉ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ «አቁሚው» አለች፤ ልጄ ጎማውን አጥፋ ያዘችው። የሚነጋገሩት በትግርኛ ነው።

«አሁን ስንት አለ?»

«ግማሽ።»

«በዚህ ላይ ሲሶ ልትጨምሪ ነው። ከመጨመርሽ በፊት ንገሪኝ፤ ስንት ይሆናል?»

«አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ…» ልጄ በጣቷ አየሩ ላይ ጻፈች። «ሁለት አምስተኛ!»

እዚያው በሩ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺው ስሕተት። አሁን ትቆጣታለች ብዬ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ግን ጎማውን ተቀብላ ጠመኔውን ሰጠቻትና «በሊ፣ ሁለት አምስተኛ የት ድረስ እንደሚመጣ በርሜሉ ላይ አሳዪኝ» አለቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም።

ልጄ ተንበረከከች። በስንዝሯ ለካች፣ አጠፋች፣ እንደገና ለካች። በርሜሉን በአምስት ከፈለችና ከታች ሁለቱን ቆጥራ መስመር አሰመረች። መስመሩ ከግማሹ ምልክት በታች ሆነ። ትኩር ብላ አየችው። ጠመኔውን ወደ ላይ አንሥታ ግማሹን ነካች፣ ወደ ታች አውርዳ የራሷን መስመር ነካች።

«ወረደ» አለች።

ሴትዮዋ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ጠበቀቻት።

«ውሃ ጨምረን እንዴት ይወርዳል? አይሆንም!»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ገባሁና አፌን ስከፍት ሴትዮዋ አየችኝ። ደነገጠች፤ ግን ወዲያው መዳፏን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቆይ፣ ተያት ማለቷ ነው። በገዛ ልጄ ጉዳይ ዝም በይ ተባልኩ። ፊቴ ጋለ። ግን ዝም አልኩ።

ልጄ ቀለበቶቹን በእጇ ዳሰሰች። የመሐሉ መስመር የመካከለኛውን ሲሶ ለሁለት እንደሚከፍለው አየች። ከዚያ የላይኛውንም የታችኛውንም ሲሶ መሐል ለመሐል አሰመረቻቸው። በርሜሉ ስድስት እኩል ቦታ ሆነ። ግማሹን ቆጠረች፤ ሦስት። ሲሶውን ቆጠረች፤ ሁለት። የጠመኔው ብናኝ ያለበት ጣቷ አምስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«አምስት ስድስተኛ! አምስት ስድስተኛ ነው! ለዚህ ነው መጀመሪያ እኩል የሚቆረጠው!»

ተፈናጥራ ተነሥታ ሮጠች፤ የሮጠችው ወደ ሴትዮዋ ነው። እርጥብ እጇን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ያንን ትልቅ ሆድ አቅፋ ሳቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

«እናትሽ መጥታለች፤ ለእሷም ንገሪያት» አለቻት ሴትዮዋ። ደግነቷ ራሱ አናደደኝ።

ልጄ ዞር ብላ «እማ! መጣሽ እንዴ? አየሽኝ?» አለች።

«አየሁሽ» አልኩ።

ሌላ ለማለት ጊዜም አልነበረም፤ የጎማው ግፊት መድከም ጀመረ። ጀሪካኖቹ ባዶ ተደርድረዋል፣ አባቷ ሥራ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ በዚያ ሆዷ ጎንበስ ልትል ስትል አየኋትና «ተቀመጪ!» ብዬ ጮኽኩባት። ኮቴን አውልቄ በሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ታኮ ጫማዬን ወዲያ ወረወርኩ። ልጄ ጎማውን ትይዛለች፣ እኔ የሞላውን ወደ ማድ ቤት እጎትታለሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ረጨኝ።

«ተይ፣ ሓፍተይ፣ ልብስሽ ተበላሸ!» አለች ሴትዮዋ። እህቴ ማለቷ ነው። አንቱታው መቼ እንደወደቀ አላወቅኩም።

ውሃው ሲቆም ልጄ ልብስ ልትቀይር ገባች። እኛ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሳልነግራችሁ መጣሁ» አልኩ።

«እንኳን መጣሽ። ብቻዬን ምን ልሆን ነበር?» አለች። ቀጥላ በአማርኛዋ ቀስ እያለች፣ ቃል እየመረጠች፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «ልጅሽ መጀመሪያ ወደዚህ ስትመጣ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እማ ሂሳብ ስትሠራ እርሳስ አትይዝም፤ እዚህ ነው የምትሠራው› ብላ ግንባሯን ነካች። ምንም ብጠይቃት ቶሎ ነው የምትመልሰው። ለምን ትቸኩያለሽ ስላት፣ ‹እማ ቶሎ ነው የምትሠራው› አለችኝ። ክፍልፋይ የጠፋት ሳትችል ቀርታ አይደለም። አንቺን መምሰል ፈልጋ ነው።»

ጭቃ የነካውን እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

«ቀናሁ» አለች ቀና ብላ ሳታየኝ። «አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ወሬው ስለ አንቺ ነው። አባቷም እኮ ምንም አይለኝም። ግን እየበላ ዝም ሲል፣ የማንን እጅ እያስታወሰ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ይህቺ የምትወለደው ደግሞ… ልጅሽ ትወዳት ይሆን ወይስ ትጠላት? አላውቅም። ያስፈራኛል።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጥሩ ደስታ አልነበረም። ወራት ሙሉ እኔን ሲበላኝ የከረመው እሷንም ሲበላ መክረሙን ሰምቼ ነው ደስ ያለኝ። ይህን ደስታ ግን ፊቴ ላይ እንዳታየው ዞር አልኩ፤ ስዞር ደግሞ በርሜሉ ላይ የልጄን የተጣመሙ መስመሮች አየሁና እንባዬ መጣ።

«እኔ ማስተማር አልችልም» አልኳት። «መሥራት ነው የምችለው።»

«እኔ ደግሞ እንደ አንቺ ቶሎ መሥራት አልችልም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጨፍገግ አለ፣ ጎኗን ያዘች፤ ፅንሱ ረግጧት ነው። ሳላስበው እጄን አቀበልኳትና ተደግፋ ተነሣች።

የመንፈቁ ውጤት የሚሰጥ ቀን ወላጅ ተጠራ። እኔ ፈረቃ ቀይሬ ሄድኩ። ልጄ ለካ ለሁለታችንም ነግራለች። ሴትዮዋ ቀኗ ደርሶ፣ ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ገብተን እንደ ተማሪ ጎን ለጎን ዴስኩ ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ሆዷ አላስገባ ስላላት ወደ ጎን ዞራ። የክፍሉ ኃላፊ ሸምገል ያለ መምህር ነው። የልጄን ካርድ አወጣና መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«እናት ማናችሁ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ሳያስፈልግ ጮክ ብዬ።

«ሂሳቧ በጣም ተሻሽሏል። ሰሌዳ ላይ ወጥታ ለሌሎቹ ልጆች ታስረዳለች። ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያስጠናት?»

አጠገባችን የቆመችው ልጄ ጫማዋን አየች። እንድትመልስ የፈለገ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ ብል ሴትዮዋ እንደማትከራከረኝ አውቃለሁ፤ ዝም ብላ ፈገግ ትል ነበር። ያንን ፈገግታ ተሸክሜ ቤቴ መግባት አልቻልኩም።

«እሷ ናት» አልኩ በአገጬ እያመለከትኩ። ቃሉ እንደ ኮሶ ነው የመረረኝ።

መምህሩ ደስ ብሎት አመሰገናት። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ምስጋናው ሲያልፈኝ ተመለከትኩ።

ስንወጣ ፀሐዩ ከሮ ስለነበር አንድ ባጃጅ ያዝን። ልጄን መሐላችን አስቀመጥናት። ደክሟት ወዲያው አንቀላፋች። ባጃጁ በታጠፈ ቁጥር ጭንቅላቷ ይዋልላል፤ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ። ሴትዮዋ በጎን ወደ ውጭ ታያለች፤ እኔ የማየው ያንን ጭንቅላት ነው። ቤቴ በር ላይ ሲደርስ ልጄ ድንገት ነቃችና ሽንት ቤት ብላ፣ ሁለታችንንም ሳትሰናበት፣ ሮጣ ገባች።

ወረድኩ። ሴትዮዋ ከውስጥ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ቅዳሜ ትልኪያታለሽ አይደል?» አለችኝ።

«እልካታለሁ» አልኩ። «አንቺ ብቻ በሰላም ውለጂ።»

ባጃጁ ተነሣ። እዚያው አቧራው ውስጥ ቆሜ ስለ ቅዳሜ ማሰብ ጀመርኩ፤ ሕፃኗ ስትመጣ ልጄ ምን ብላ እንደምትጠራት፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ እነሱ በዚያ ግቢ ምን ሲሉ እንደሚስቁ።